የሹክ ባይዋ ወንድም

ጋሪው ወደ ገዥው ግቢ የሚያወጣውን ዳገት ሳያጋምስ ፈረሱ ቀጥ አለ። ባለጋሪው ወርዶ አንገቱን መታ መታ እያደረገ «በል እንጂ ሻምበል! በል የኔ ጌታ!» ቢለውም ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ባለጋሪው ይህን ፈረስ ሻምበል ብሎ የሚጠራው እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሰይፍ የታጠቁ እውነተኛ ሻምበሎች ስለሚቆሙ «ወንድሜ» ይለዋል።

«ወንዶች ውረዱ! ግፉ!» አለ አዘጋጁ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ። እሱ ራሱ አልወረደም። የቴአትር ቡድኑ አባትም መምህርም ተቆጪም ስለሆነ መውረድ ከማዕረጉ ጋር አይሄድም፤ ደግሞም ሪህ ነበረበት።

ቀላጤ ከኋላ ሆኖ ትከሻውን ለጋሪው ሰጠ። አንገቱን ደፍቶ ሲገፋ ከጭነቱ ሁሉ ለዓይኑ የሚቀርበው የእህቱ ጫማ ነበር። እህቱ በአልባሳቱ ሻንጣና በተቀባው የእንጨት ግድግዳ መሃል፣ በገዛ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣለች። ሳጥኑ መድረኩ ጫፍ ላይ ጀርባውን ለተመልካች፣ አፉን ለተዋንያኑ ሰጥቶ ይቀመጣል። እሷ ጎንበስ ብላ ትገባና ድርሰቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቃል የጠፋበትን ሰው በሹክሹክታ ታስታውሳለች። ለዚህ ነው በቡድኑ ውስጥ ሹክ ባይዋ የምትባለው።

ዛሬ በገዥውና በእንግዶቹ ፊት፣ ቀላጤ ጦር ይዞ ከኋላ ከመቆም አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ሊከፍት ነው። ገዥው ከወደደው ቡድኑ የከተማውን አዳራሽ ያገኛል፤ ካልወደደው ወደ አሮጌው የቆዳ መጋዘን ይመለሳል፣ ከነሽታው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም ያላወቀው ግን ቀላጤ የፈራው ገዥውን እንዳልሆነ ነው።

«እትዬ፣ እስቲ መስመሬን አንዴ ስጪኝ» አላት እያለከለከ።

እህቱ ጎንበስ አለች። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚያስቸኩል ነገር ባይሆን ኖሮ አልገባም ነበር» አለች በሹክሹክታ። የጋሪው ጎማ እየተንጫጫ እንኳ ቃል በቃል ይሰማ ነበር። በዚያ ከተማ እንደ እሷ ጥርት አድርጎ የሚያንሾካሹክ ሰው አልተፈጠረም።

እሱም መስመሩን እንደ ተማሪ ልጅ፣ ያለ ጨው ያለ ቅመም ደገመላት። መድረክ ላይ እንዴት እንደሚለው ሊያሰማት አልፈለገም።

እህቱ ዙሪያዋን አየች። ሌሎቹ ተዋንያን ከፊት በኩል ፈረሱን እየለመኑ ነው። ማንም እንደማይሰማት ስታረጋግጥ ድምፅዋን አወጣች። «ደ… ደ… ደ…» ቀኝ ዓይኗ ተጨፈነ። አገጯ ወደ ላይ ተቃና። አውራ ጣቷ ጉልበቷን ደጋግሞ ይመታ ጀመር።

«ደህና ነው» ልትል እንደሆነ ቀላጤ ከመጀመሪያው ፊደል ገብቶታል። ምላሱ ላይ ቀርቦ ነበር። ዋጠው። የዋጠው ግን ጨዋነት መጥቶበት አይደለም። አውራ ጣቷን እያየ ነበር። ስንቴ እንደሚመታ፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ትንፋሽዋ እንዴት እንደሚገፋ ያጠና ነበር።

«ደህና ነው» አለች በመጨረሻ፤ ፈገግም አለችለት።

ፊቱ ጋለ። የዳገቱ መልካምነት የእፍረትን ላብና የድካምን ላብ ማንም የማይለይ መሆኑ ነው። አንገቱን የበለጠ ደፍቶ ገፋ።

አባታቸው ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይኑ መነጽር አድርጎ አቀርቅሮ ስለሚውል ወደ ሱቅም ወደ ጎረቤትም የምትላከው ትልቋ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ምላሷ ይያዛል። ዳቦ ጋጋሪው ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ «እህስ፣ እመቤቲቱ? ዛሬ ትነግሪኛለሽ ወይስ ሱቁን ዘግቼ ነገ ልምጣ?» ሲላት ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ይስቃል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ቃሉን ትታገላለች። አንድ ቀን ቀሚሷን ይዞ የቆመው፣ ቁመቱ ከባንኮኒው የማይደርስ ወንድሟ «ሁለት ዳቦ! ያላረረ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ፤ በእሱ የተሳቀው ግን በአድናቆት ነበር። «አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው ሲሏት አፍ ያለው ያግባኝ አለች፤ አንቺ ደግሞ አፍ ያለው ወንድም ሰጥቶሻል» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱን አፈ ቀላጤ አሉት፤ ሲውል ሲያድር ቀላጤ ብቻ ቀረ።

በዚያው ምሽት በአንድ ብርድ ልብስ ስር እንደተኙ እህቱ ወደ ጆሮው ተጠግታ «ልጨርሰው ነበር እኮ» አለችው። በሹክሹክታ ስትናገር ምላሷ አይያዝም፤ ለምን እንደሆነ አባታቸውም ሐኪሙም አያውቁም። ልጁ ያችን ቃል እንደ ምስጋና ቆጠራት። ልጅ ነውና አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ካደገም በኋላ ምስጋና መስሎት መኖሩ ነው። በማዘጋጃ ቤትም በሐኪም ቤትም፣ ባል ሊሆናት በመጣው ሰው ፊት እንኳ ሳይቀር ቃሏን ከአፏ እየነጠቀ ጨረሰላት። ሰውየውም ማንን ሊያገባ እንደመጣ ግራ ገብቶት ሄደ።

አባታቸው ሲሞት ሰፈር ቀየሩ። እህቱ በቴአትር ቡድኑ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆና ተቀጠረች፤ እዚያ ስለ ምላሷ የሚያውቅ አልነበረም። በሹክሹክታ ብቻ ስለምታወራ ጉሮሮዋ ደካማ መሰላቸው፤ እሷም አላረመቻቸውም። አንድ ቀን የድሮው ሹክ ባይ፣ ሳል የሚጠናበት ሽማግሌ፣ በልምምድ መሃል ድምፁ ጠፋ። መድረኩ ላይ የነበረው ንጉሥ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መርፌና ክር ከያዘች ሴት ዘንድ ቃሉ መጣ፣ ጥርት ብሎ። አዘጋጁ «ማናት?» አለ። በማግስቱ ሳጥኑ የእሷ ሆነ።

እዚያ ሳጥን ውስጥ ሙሽራም ጄኔራልም ንግሥትም ሆና ተናገረች። አንድም ቀን ፊደል ተይዞባት አያውቅም። ከሳጥኑ ስትወጣ ለሰው ሁሉ እንደገና በሹክሹክታ ነው። ድምፅዋን የምታወጣው ለወንድሟ ብቻ ነበር። ከነመንተባተቧ፣ ከተጨፈነ ዓይኗ፣ ከአውራ ጣቷ ጋር። በዓለም ላይ እንዲህ ብላ የምትናገርለት ሌላ ሰው አልነበራትም።

ቀላጤ ያን ጊዜ የመብራት ሱቅ ሻጭ ነበር። ፋኖስ ይወለውላል፣ ክር ይቀይራል፣ ሲመሻሽ እህቱን ሊወስድ ይመጣል። አንድ ቀን አዘጋጁ የመጋረጃው ጠርዝ ለምን አልተሰፋም ብሎ ሲቆጣት ቀላጤ በር ላይ እንደቆመ ቀደማት። «ክሩ አለቀብኝ ጋሼ፤ ደግሞ አውራ ጣቴን መርፌ ወግቶኝ ነው» አለ፣ ጣቱንም አሳየው።

አዘጋጁ መነጽሩን አወለቀ። «የተወጋው ያንተ ጣት ነው የሷ?»

«የሷ ነው።»

«ታዲያ አንተን ለምን አመመህ?»

በዚያው ሳምንት ቀላጤ ጦር ይዞ እንዲቆም ተቀጠረ። እንግዲህ ቴአትር ቤት ያስገባው የእህቱ ዝምታ ነው። ይህን ስለሚያውቅ ነው በኋላ ያደረገው ነገር እንደ እሾህ ሲወጋው የኖረው።

አዘጋጁ ሁለት ደንቦች ነበሩት። አንደኛው «ሰው ከአየር አይፈጠርም፤ ፈጣሪ እንኳ አፈር አስፈልጎታል» የሚል ነው። ተዋናይ አንድን ገጸ ባሕርይ ሊጫወት ቢፈልግ በሕይወት ያለ ሰው ፈልጎ፣ አካሄዱን፣ አሳሳሉን፣ አቀማመጡን ይዞለት መምጣት አለበት። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ በእያንዳንዱ አዲስ ድርሰት አንድ ተዋናይ አንድ ነገር ደብቆ እንዲይዝና በመጀመሪያው ቀን ድንገት እንዲያወጣው ነው፤ አብረውት የሚጫወቱት ከልባቸው እንዲደነግጡ። በልምምድ የጠወለገ ቡድን እንደ ቆየ አበባ ነው፣ ውሃ ይፈልጋል ይል ነበር።

ለገዥው የተዘጋጀው ድርሰት ስለ አንድ ቁጡ ነጋዴና ስለ ፈሪ ጸሐፊው ነው። የነጋዴው መጋዘን እሳት ይነሳበታል፤ ጸሐፊው ሊነግረው ይገባል፤ ግን ጌታውን ስለሚፈራ ከሰላምታ አልፎ ወደ ነገሩ መድረስ ያቅተዋል። ጸሐፊውን ይጫወት የነበረው ድቡልቡሉ የሚባለው ተዋናይ ከደረጃ ወድቆ እግሩን ሲሰብር ቦታው ለቀላጤ ደረሰው።

ቀላጤ ሰው ፍለጋ ወጣ። የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ ጎባጣ ጀርባ አመጣ። አዘጋጁ «ይኼ ሰው የለም» አለው። የመድኃኒት ሻጩን ሳል አመጣ። «ይኼም የለም። ሳል ነው ያመጣህልኝ፣ ሰውየውን የት ጣልከው?» ቀላጤ ላብ አጠመቀው። ጦሩ ጥግ ላይ ተደግፎ ያየዋል። ነገ መልሶ ሊይዘው ነው። በአዘጋጁ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዓይኑን ጨፈነ። አገጩ ወደ ላይ ተቃና። አውራ ጣቱ ጭኑን ይመታ ጀመር። «ጌ… ጌ… ጌታዬ…»

አዘጋጁ ሳቀ፤ ከዚያም እንባው እስኪወርድ ድረስ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። «አንተ! ይኼን ሰው ከየት አመጣኸው?»

ያኔ ነበር እውነቱን የመናገሪያው ጊዜ። «ከ… ከመብራት ሱቁ ነው፣ ጋሼ። አንድ ደንበኛ አለ» አለ ቀላጤ።

«ሰውየው ይባረክ! የመጀመሪያው ቀን ምስጢር ይህ ነው። ለማንም እንዳታሳይ፤ ለእህትህም ቢሆን።»

ቀላጤ ይህን ትእዛዝ ሲሰማ ደስ ማለቱ ራሱ አሳፈረው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለእህቱ መንገር ግዴታው ነበር፤ አሁን አለመንገር ግዴታው ሆነለት።

በገዥው ግቢ የልብስ መተኮሻውን ክፍል ሰጧቸው። የካውያ ሙቀትና የስታርች ሽታ ነበረው። ተዋንያኑ ጥግ ጥጉን ይዘው ሲቀባቡ እህቱ የጸሐፊውን ጥቁር ኮት አልብሳው ዙሪያውን ትዞር ነበር፤ አፏ በስፒል መርፌ ተሞልቷል። የቀኝ እጁን ይዛ ወደ ኮቱ ኪስ ከተተችው። ኪሱ እስከ ክርኑ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

መርፌዎቹን ካፏ አወጣችና ወደ ጆሮው ተጠጋች። ሰው ስላለ በዝግታ፣ ግን በድምፅዋ ነበር። «ጥ… ጥ… ጥልቅ አደረግሁልህ። ፈሪ ሰው እ… እጁን የሚደብቅበት ይፈልጋል። እኔ ሳ… ሳፍር እጄን የማደርግበት ነው የሚጠፋኝ።»

ቀላጤ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ያ እጅ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ መድረክ ላይ ወጥቶ በእሷ አውራ ጣት ጭኑን ሊመታ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

እህቱ ጠበቀች። መጠበቅ ትችልበታለች። ፊቱን ሳትሸሽ፣ ቃሉን ሳትነጥቀው፣ ራስዋን ዘንበል አድርጋ ዝም አለች።

«ዓይንሽ… ስንጫወት ዓይንሽ ከወረቀቱ አይነሳም አይደል?»

ሳቀች። «አ… አይነሳም። ፈ… ፈራህ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«እ… እኔም ላንተ ፈራሁ» አለችና የኮቱን ትከሻ በእጇ ጠረገችለት። ከዚያ ድርሰቱን ይዛ ወደ ሳጥኗ ሄደች።

ቀላጤም ራሱን አጽናና። አታየኝም፤ ወረቀት ላይ ነው ዓይኗ፤ ሳጥኑም ጨለማ ነው አለ። ጆሮ የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ ይመስል።

አዳራሹ በትላልቅ መስኮቶች በሚገባ የከሰዓት ፀሐይ ያበራ ነበር። ከፊት ገዥው ሜዳሊያውን ደርድሮ፣ ባለቤቱ ነጭ ጓንት አጥልቃ ማራገቢያዋን ይዛ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መኮንኖች ሰይፋቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ሴቶቹ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ሁሉም ሊስቅ የመጣ ሰው ፊት አላቸው። የመጀመሪያው ትዕይንት ለዘብ ያለ ነበር። ገዥው አንድ ጊዜ አዛጋ። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጎን ሆኖ ያንን ማዛጋት ሲያይ ሪሁ ተነሳበት።

ከዚያ ቀላጤ ገባ።

ነጋዴው «ምን ፈለግህ?» ብሎ ጮኸበት። ከሳጥኑ ውስጥ የእህቱ ሹክሹክታ፣ እሱን ለማበርታት ብላ፣ ሳይጠይቃት መጣ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…»

ቀላጤ ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ። አገጩን አቃና። «ጌ… ጌ… ጌ…» አውራ ጣቱ ጭኑን መታ። «ጌ… ጌታዬ፣ ይ… ይ… ይ…»

ነጋዴውን የሚጫወተው ተዋናይ የእውነት ደነገጠ፤ አፉን ከፍቶ አየው። አዳራሹ ፈነዳ። ከኋላ የነበረ አንድ ወፍራም መኮንን ሰይፉ ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንኳኳ፤ ያም ሌላ ሳቅ ሆነ። ገዥው በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። «እ… እ… እሳ…» ባለ ቁጥር ሳቁ እንደገና ይነሳል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት ነው፤ ያደምቃል። ቀላጤ በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ደምቆ አያውቅም። ተረት የሠሩት ሰዎች ስለ መድመቁ ሳይሆን ወርቁን ስለ መመለሱ ነበር ማሰብ የነበረባቸው።

ዓይኑን ሲገልጥ ሳጥኑን አየ። እህቱ ወረቀቱን አታይም። እሱን ነው የምታየው። በጨለማው ውስጥ ፊቷ ነጭ ሆኖ ይታየዋል። አውራ ጣቷ ድርሰቱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። አይመታም፣ አይንቀሳቀስም።

ያኔ ቀጣዩ ቃል ጠፋው። «እ… እ…» አለ። እሳት የሚለውን ቃል እንኳ ረሳው። አሁን የእውነት ተይዟል፤ ሕዝቡ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልምና ይበልጥ ሳቀ። «እ… እ…» ዳቦ ቤት ባንኮኒው ፊት የቆመ ያህል ተሰማው፤ ዛሬ ግን ተላላኪው እሱ ነው፤ ቀሚሱን ይዞ የሚጮህለት የለም። አንድ ቃል የሚባል ነገር ይህን ያህል ከባድ መሆኑን እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አያውቅም ነበር። የእህቱን ሁሉ ነገር ሲያጠና ይህን አላጠናም።

ብትፈልግ ዝም ልትለው ትችል ነበር። ማንም አይወቅሳትም፤ ማንም አያውቅም።

«እሳት ተነስቷል» አለች እህቱ በሹክሹክታ። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። ሥራዋ ነውና ሰጠችው።

«እሳት ተነስቷል!» አለ ቀላጤ፤ ጣሪያው ሊነቀል ደረሰ።

ሲያበቃ ገዥው ተነስቶ አጨበጨበ። ገዥው ሲነሳ ሁሉም ተነሳ። አዘጋጁ ሪሁን ረስቶ ወደ መድረኩ እየሮጠ መጣ። ቡድኑ ተሰልፎ እጅ ሲነሳ ገዥው በእጁ ምልክት አድርጎ ዝም አሰኘና «የት አለ ያ ተብታባ? ና ወዲህ ቅረብ!» አለ። ቀላጤ ቀረበ።

«ስንቱን ቴአትር አይቻለሁ፤ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ሰው ትመስላለህ እኮ! ይኼን ሰው ከየት አመጣኸው?»

በዚያው ጊዜ እህቱ ከሳጥኗ እየወጣች ነበር። ጎንበስ ብላ ብዙ ስለቆየች ወገቧን ይዛ ቀና አለች፤ ቀሚሷ አቧራ ለብሷል። ከእሱ ጎን፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካት ርቀት ላይ ቆመች። ቀላጤ አላያትም። ሊያያት አልቻለም።

«ከመብራት ሱቅ ነው፣ ክቡርነትዎ። እሠራበት በነበረው ሱቅ አንድ ደንበኛ ነበረ» አለ። ምላሱ አንድም ቦታ አልተያዘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ሊመልሰው ቢፈልግም አይችልም።

የገዥው ባለቤት ማራገቢያዋን ወደ እህቱ ቀሰረች። «አንቺስ? አንቺም ደንበኛውን ታውቂዋለሽ?»

«እህቴ ናት፣ ክብርት እመቤት፤ ጉሮሮዋን ስለሚያማት…» ብሎ ጀመረ ቀላጤ፣ የዕድሜ ልክ ልማዱ ቀድሞት።

እህቱ እጇን ዘርግታ ክንዱን ያዘችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዝም በል ብላው አታውቅም። ዝም አለ።

ከዚያ ድምፅዋን አወጣች። በገዥው ፊት፣ በመኮንኖቹ ፊት፣ ድምፅዋን ሰምቶ በማያውቀው ቡድን ሁሉ ፊት። ቀኝ ዓይኗ ተጨፈነ። አገጯ ወደ ላይ ተቃና። አውራ ጣቷ ጭኗን መታ። «ከ… ከ… ከ… ከእኔ ነው የ… የ… የወሰደው።»



ከዚያ ገዥው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ተከተለው። ቡድኑም ሳቀ። አዘጋጁ እንኳ «አንቺ ደግሞ! ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽን!» ብሎ እጇን ጨበጠ። የገዥው ባለቤት በጓንቷ አፏን ሸፍና «ተዋት ተዋት፣ እሷም ትችላለች!» አለች።

«ትችላለች» አለ ገዥው ዓይኑን እየጠረገ። «ጥሩ ሞከርሽ ልጄ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ እሱ ይበልጥሻል!»

ቀላጤን ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ ግን የገዥው ወለል ጽኑ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። «እውነቷን ነው» ቢል ኖሮ ሳቁ ይቆማል። ሳቁ ከቆመ ደግሞ ገዥው ያፍራል፤ ያፈረ ገዥ አዳራሽ አይሰጥም፤ ጦሩም ጥግ ላይ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አግኝቷል፤ የሚያሳፍረውም ጊዜ ማግኘቱ ነው። የእህቱ እጅ ክንዱ ላይ ነበር። ጠበቀችው። ቃሉን ሳትነጥቀው፣ ራስዋን ዘንበል አድርጋ።

ለሌላ ሰው ሲናገር የኖረው አፈ ቀላጤ እጅ ነሳ። ጭብጨባው እንደገና ቀለጠ። እጇም ከክንዱ ላይ ተነሳ።

ዳገቱን ሲወርዱ ፈረሱ መለመን አላስፈለገውም። ባለጋሪው መልሶ «ሻምበል» እያለው ነበር። አዳራሹ ተሰጥቷቸዋል። ተዋንያኑ ከፊት ተቃቅፈው ይዘፍናሉ፣ አዘጋጁ «ጌ… ጌ… ጌታዬ!» ባለ ቁጥር ሁሉም እንደ አዲስ ይስቃል። የሚገፋ ነገር ስላልነበረ ቀላጤም ጋሪው ላይ ወጥቶ፣ እህቱ ከተቀመጠችበት ሳጥን ሥር፣ ተንጋልሎ በተጫነው የእንጨት ግድግዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እጁን ጥልቁ ኪስ ውስጥ ከቷል።

ጎማው ይንጫጫል። ማንም አይሰማቸውም። እንደ ሁልጊዜው ለእሱ ብቻ ድምፅዋን የምታወጣበት ጊዜ ነበር። ቀላጤ ጠበቀ። ምንም ብትለው ሊሰማ ቆርጦ ነበር፤ ትስደበው፣ ትርገመው፣ ቃሉ እስኪወጣ ድረስ መንገዱን ሙሉ ይፍጅባት፣ እሱ አይጨርስባትም። አንድም ፊደል አይነጥቃትም። ይህን ለራሱ ማለ። ዘግይቶ ቢሆንም ማለ።

እህቱ ድርሰቱን ገልጣ አንድ ገጽ ፈለገች። ካገኘችው በኋላ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። ዓይኗ አልተጨፈነም። አገጯም አልተነሳ።

«ነገ ስትገባ አትቸኩል፤ ነጋዴው ጮኾ ይጨርስ» አለችው።

በሹክሹክታ ነበር። ጥርት ያለ፣ ለማንኛውም ተዋናይ እንደምትለው።